ጠርዝ አልባ መስኮትና የልጅ መስኮት በቴክስት ኤዲተር ውስጥ፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ቴክስት ኤዲተር የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ጥያቄዎች ዞሮ ዞሮ ይመጡባችኋል። አንዱ "ይሄ ከላይ ያለው ታይትል ባር ቦታ በላብኝ፣ አጥፉልኝ" የሚል ነው። ሌላው ደግሞ "የአውቶኮምፕሊት ዝርዝሩ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል" የሚል። ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይቀርባሉ። ሁለቱም ስለ መስኮት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ፍላግ በማብራት የሚያልቁ ይመስላሉ።

አያልቁም። የመጀመሪያው ጥያቄ የዋናውን መስኮት ፍሬም ማን ይሳለው የሚል ነው። ሁለተኛው ትንንሾቹ መስኮቶች የማን ናቸው፣ የት ይቆማሉ፣ ኪቦርዱን ማን ይይዛል የሚል ነው። የኔን ምርጫ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለዋናው መስኮት መካከለኛው መንገድ ይሻላል። ለአውቶኮምፕሊትና ለመሰሎቹ ደግሞ እውነተኛ ፖፕአፕ። ከሁሉም በላይ ግን ኤፒአዩን (ፕለጊኖችና ሌላው ኮዳችሁ መስኮት የሚከፍቱባቸውን ፈንክሽኖች) በዌይላንድ፣ ማለትም በአዲሱ የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት፣ ሕግ ቅረጹት። ሌሎቹ ሲስተሞች ዌይላንድ የሚፈቅደውን ሁሉ ይፈቅዳሉ፤ ዌይላንድ ግን እነሱ የሚፈቅዱትን ሁሉ አይፈቅድም።

## ታይትል ባሩን ማን ይሳለው?

ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው የሲስተሙን ፍሬም እንዳለ መተው ነው። ሁለተኛው ሲስተሙ ፍሬም እንዳለ ቆጥሮ እንዲቀጥል አድርጎ፣ ታይትል ባሩ የነበረበትን ቦታ ራስ መሳል ነው። ታቦቻቸውን እስከ ስክሪኑ አናት ድረስ የሚያወጡ ብራውዘሮችና ኤዲተሮች የሚያደርጉት ይህንን ነው። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ጠርዝ አልባ መስኮት ነው። ባዶ አራት ማዕዘን ይሰጣችኋል፤ የቀረው ሁሉ የእናንተ ዕዳ ነው።

የቀረው ሁሉ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። መስኮቱን መጎተት፣ ከአራቱ ጎንና ከአራቱ ማዕዘን መለጠጥ፣ ጥላው፣ ሁለቴ ሲጫኑት ስክሪኑን ሞልቶ መስፋቱ፣ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሲገፉት ግማሹን ስክሪን መያዙ፣ በቀኝ ሲጫኑ የሚመጣው ሜኑ። ተጠቃሚ ለእነዚህ ነገሮች ስም የለውም። ሲጠፉ ግን ወዲያው ይታወቀዋል፤ "ኤዲተሩ የሆነ ነገር ይጎድለዋል" ይላችኋል።

ልዩነቱ በጣም የሚታየው በዊንዶውስ ላይ ነው። መስኮቱን በፖፕአፕ ስታይል ብቻ ከፈጠራችሁት፣ ጥላውም አኒሜሽኑም ጠርዝ ላይ መለጠፉም አብረው ይጠፋሉ። ብልሃቱ የሚለጠጠውን ወፍራም ፍሬም ስታይል አለማንሳት ነው። ሲስተሙ የመስኮቱን የውስጥ ስፋት ለማስላት መልእክት ይልካል። እናንተ "መስኮቱ በሙሉ የውስጥ ቦታ ነው" ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ሲስተሙ ፍሬም ያለው መስኮት እንደያዘ ይቀጥላል፤ ለዓይን ግን ፍሬም የለም።

ቀጥሎ ሌላ መልእክት አለ። ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዊንዶውስ "ቀስቱ የቆመው ምን ላይ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ታይትል ባር ነው ካላችሁት መጎተቱን ራሱ ይሠራዋል። የግራ ጠርዝ ነው ካላችሁት መለጠጡን ይሠራዋል። ማስፊያ ቁልፍ ነው ካላችሁት ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ መስኮቶችን ለመደርደር የሚወጣው ትንሽ ሜኑ ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ቁልፉን ራሳቸው ስለውት ይሠራል፤ ሜኑው ግን ብቅ አይልም።

አንድ ወጥመድም አለ። መስኮቱ ስክሪኑን ሞልቶ ሲሰፋ ዊንዶውስ የፍሬሙን ውፍረት ያህል ከስክሪኑ ውጭ ያሳልፈዋል። ፍሬም ቢኖር የሚደበቀው እሱ ነበር። አሁን የሚደበቀው የመጀመሪያው መስመር ጽሑፍ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ሰፍቶ እንደሆነ አይታችሁ ያንን ውፍረት ከውስጥ ስፋቱ መቀነስ አለባችሁ።

በማክ ላይ ጉዳዩ አጭር ነው። ቦርደርለስ የሚለውን ስታይል የያዘ መስኮት በነባሪው ቁልፍ መስኮት መሆን አይችልም። በሌላ አነጋገር ኪቦርድ አይቀበልም። ለቴክስት ኤዲተር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ክላሱን ወርሳችሁ "ይችላል" የሚል መልስ በመስጠት ማለፍ ይቻላል፤ ግን ለምን? ከ10.10 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ፣ ይዘቱ እስከ አናት ድረስ የሚዘረጋበትና ታይትል ባሩ ግልጽ የሚሆንበት መንገድ አለ። ሦስቱ ባለቀለም ቁልፎች ይቆያሉ፣ ጥላው ይቆያል፣ ሙሉ ስክሪኑ ይሠራል። እናንተ በግራ በኩል ለቁልፎቹ ቦታ መተው ብቻ ነው ያለባችሁ።

ኤክስ11 (ከዌይላንድ በፊት የነበረው የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት) ላይ ዊንዶው ማኔጀሩን፣ ማለትም መስኮቶችን የሚያስተዳድረውንና ፍሬማቸውን የሚስለውን ፕሮግራም፣ ፍሬሙን እንዲተወው በትህትና ትጠይቃላችሁ። ጥያቄው የሚቀርብበት ምልክት ሞቲፍ ከተባለው የድሮ ቱልኪት የተወረሰ ነው። ሞቲፍ ራሱ ከብዙ ማሽን ላይ ጠፍቷል፤ ምልክቱን ግን ዛሬም ብዙዎቹ ማኔጀሮች ያከብሩታል። ለዋናው መስኮት ማድረግ የሌለባችሁ ነገር ኦቨርራይድ ሪዳይሬክት የሚባለውን ማብራት ነው። እሱ ፍሬሙን ብቻ አያነሳም፤ መስኮቱን ከማኔጀሩ እጅ ጨርሶ ያወጣዋል። ፎከስ (ኪቦርዱን የመያዝ ተራ) አይሰጠውም፣ በአልት ታብ አይገኝም።

ዌይላንድ ግን ነገሩን ገልብጦታል። እዚያ መነሻው ፕሮግራሙ የራሱን ፍሬም ይስላል የሚለው ነው። ሲስተሙ እንዲስል የሚጠየቅበት ተጨማሪ ፕሮቶኮል አለ። ከሊኑክስ ዴስክቶፖች መካከል ኬዲኢ ይቀበለዋል። ግኖም አይቀበለውም። ስለዚህ "የሲስተሙን ፍሬም እንተወው" የሚለው አማራጭ ግኖም ላይ የለም። ወይ ፍሬሙን የሚስልላችሁን ሊብዴኮር የሚባል ላይብረሪ ትጠቀማላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ትስላላችሁ። የመሳያው ኮድ ለአንዱ ሲስተም መጻፉ ካልቀረ፣ ለሌሎቹም በአማራጭ መስጠት ያን ያህል አይከብድም። ሁለተኛውን መንገድ እንድመርጥ ያደረገኝ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው።

ሦስተኛውን፣ ሙሉ ጠርዝ አልባውን፣ አትስጡ አልልም። በሴቲንግ ውስጥ ይቀመጥ፤ ነባሪ ግን አይሁን። ደግሞ ይህን አጥብቀው ከሚጠይቁት መካከል መስኮቶችን በራሱ የሚደረድር ማኔጀር የሚጠቀሙ አይጠፉም። እነሱ ፍሬሙን ከማኔጀሩ ሴቲንግ ማጥፋት ይችላሉ። አንድ መስመር መልስ ብዙ ኮድ ሊያድናችሁ ይችላል።

## ትንንሾቹ መስኮቶች

አውቶኮምፕሊት፣ ቱልቲፕ፣ የፍለጋ ሳጥን፣ የፈንክሽን ማብራሪያ፣ ተነቅሎ ወደ ሁለተኛው ስክሪን የሚሄድ ታብ። እነዚህን ሁሉ "የልጅ መስኮት" ብሎ በአንድ ማሰር ነው ጣጣውን የሚያመጣው።

ቀላሉ መንገድ ምንም አዲስ መስኮት አለመክፈት ነው። ዝርዝሩ እዚያው መስኮት ውስጥ፣ ከጽሑፉ በላይ ይሳላል። ኒዮቪም በ0.4 እትሙ (2019) ያመጣቸው ተንሳፋፊ መስኮቶች እንዲህ ናቸው። ቪምም በዚያው ዓመት በ8.2 የራሱን ፖፕአፖች አወጣ። በተርሚናል ውስጥ ለሚኖር ኤዲተር ይህ የግድ ነው። ለሌላውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ፎከስ አይንቀሳቀስም፤ በሁሉም ሲስተም አንድ ዓይነት ነው፤ ከዊንዶው ማኔጀር ጋር ክርክር የለም። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ከመስኮቱ መውጣት አይችልም። መስኮቱ ጠባብ ሲሆን ዝርዝሩም አብሮ ይጠባል።

ሁለተኛው መንገድ በዊንዶውስ ትርጉም እውነተኛው ቻይልድ መስኮት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሙ ልክ የምትፈልጉትን ነገር ይመስላል። ግን ቻይልድ መስኮት ከወላጁ የውስጥ ቦታ ሲወጣ ይቆረጣል። ማለትም አዲስ መስኮት ከፍታችሁ፣ ተጨማሪ ሥራ ሠርታችሁ፣ የምታገኙት ውጤት በዚያው መስኮት ውስጥ ከመሳል አይለይም። የሚያዋጣው ሌላ ፕሮግራም የሚስለውን ነገር ውስጣችሁ ለመትከል ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የብራውዘር ክፍል።

የኢማክስ ታሪክ እዚህ ላይ ጥሩ ማሳያ ነው። በ26.1 እትሙ (2018) ፍሬም የማንሳቱም የልጅ ፍሬሙም ነገር አንድ ላይ ገቡ። የኢማክስ የልጅ ፍሬም በአብዛኛው በወላጁ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል። በማክ ላይ ግን አይቆረጥም፤ መመሪያው ራሱ ይህን ይጽፋል። አንድ ስም፣ አንድ ኮድ፣ ሁለት ጠባይ። የልጅ መስኮት የሚለውን ቃል ኤፒአያችሁ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ሦስተኛው ባለቤት ያለው መስኮት ነው። ለብቻው የቆመ መስኮት ሆኖ ለሌላ መስኮት የሚታዘዝ። ዊንዶውስ ላይ ባለቤት ያለው መስኮት ሁልጊዜ ከባለቤቱ በላይ ይሆናል፤ ባለቤቱ ሚኒማይዝ ሲደረግ ይደበቃል፤ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ከባለቤቱ ጠርዝ መውጣትም ይችላል። ባለቤቱ ሲጎተት ግን አብሮ አይሄድም። ማክ ላይ የልጅ መስኮት የሚባለው ደግሞ ከበላይነቱ ሌላ ከወላጁ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኤክስ11 ላይ "ይህ መስኮት የዚያ ተከታይ ነው" የሚል ምልክት ታስቀምጣላችሁ፤ ማኔጀሩ እንደ ጠባዩ ይተረጉመዋል። ለአውቶኮምፕሊት ልዩነቱን ማቻቻል ቀላል ነው፦ ዋናው መስኮት ሲንቀሳቀስ ዝርዝሩን ዝጉት። ማንም አያማርርም።

የተነቀለው ታብ ሌላ ነገር ነው። እሱ ሙሉ መስኮት ነው፤ የራሱ ታይትል፣ የራሱ ማስፊያ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ፎከስም መያዝ አለበት። ቪኤስ ኮድ በ2023 መጨረሻ በ1.85 እትሙ ኤዲተርን አውጥቶ ለብቻው መስኮት ማድረግ ሲጀምር፣ ተጠቃሚዎቹ የፈለጉት ወደ ሁለተኛው ስክሪን ወስደው ማስፋት ነበር። ይህን ሁልጊዜ ከዋናው በላይ የሚቆም ባለቤት ያለው መስኮት ካደረጋችሁት ሰዎች ይበሳጫሉ። ስለዚህ ነጻ መስኮት ይሁን።

## አቀማመጡን ማን ይወስናል?

ኤክስ11፣ ዊንዶውስና ማክ ላይ "መስኮቱን ስክሪኑ ላይ እዚህ ነጥብ አስቀምጥ" ማለት ይቻላል። ዌይላንድ ላይ አይቻልም። ፕሮግራሙ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። የተረሳ ነገር አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ብዙ ኤዲተሮች ወደ ዌይላንድ ሲሸጋገሩ ፖፕአፖቻቸው የስክሪኑ መሃል ላይ የሚበተኑት ለዚህ ነው።

ዌይላንድ በምትኩ የሚሰጣችሁ ሌላ አነጋገር ነው። "ከዚህ ከርሰር ሳጥን በታች፣ በግራ ጠርዙ ልክ አስቀምጥልኝ። ቦታ ካጣህ ወደ ላይ ገልብጠው። እንደዚያም ካልሆነ አንሸራትተው ወይም አሳጥረው።" ይህን ትነግሩታላችሁ፤ ኮምፖዚተሩ (ዌይላንድ ላይ መስኮቶቹን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም) ስክሪኑን አይቶ ይወስናል፤ ከዚያም የወሰነውን መጠንና ቦታ ከወላጁ አንጻር ይነግራችኋል።

ኤፒአያችሁን እንዲህ ቅረጹት የምለው ለዚህ ነው። ፖፕአፕ ለመክፈት የሚጠራው ፈንክሽን ኤክስና ዋይ አይቀበል። የመልህቅ ሳጥን፣ የሚመረጥ አቅጣጫ፣ ቦታ ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለውን ይቀበል። ዊንዶውስና ማክ ላይ ያንን ስሌት በጥቂት መስመር ኮድ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ከኤክስና ዋይ ተነስታችሁ ወደ መልህቅ ለመመለስ ከሞከራችሁ ግን፣ ኤፒአዩን የሚጠራ ፕለጊን ሁሉ መስተካከል አለበት። ፕለጊን የሚጽፉላችሁ ሰዎች ካሉ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሌላም ሥርዓት አለ። ዌይላንድ ላይ ፖፕአፕ ከፖፕአፕ ሊወለድ ይችላል፤ አዘጋጉ ግን የመጨረሻው መጀመሪያ ነው። ዝርዝሩን ከእሱ ከተወለደው ማብራሪያ በፊት ከዘጋችሁት ኮምፖዚተሩ እንደ ፕሮቶኮል ስህተት ቆጥሮ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ኤዲተሩ ካልተቀመጠ ፋይል ጋር ይወድቃል ማለት ነው።

## ፎከስ

አውቶኮምፕሊት ፎከስ መውሰድ የለበትም። ቢወስድ ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ማለቱን ያቆማል፣ ታይትል ባሩ ይደበዝዛል። በግቤት ዘዴ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ገና ያልጨረሰው ፊደል መሃል ላይ ሊቋረጥበት ይችላል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያናድድ ያውቀዋል።

እያንዳንዱ ሲስተም መንገድ አለው። ዊንዶውስ ላይ መስኮቱ ሲፈጠር "አትንቃ" የሚል ተጨማሪ ስታይል ይሰጠዋል፤ ሲታይም ሳይነቃ እንዲታይ ይደረጋል። ማክ ላይ የማያነቃ ፓነል አለ። ኤክስ11 ላይ፣ ለዋናው መስኮት የከለከልኩት ኦቨርራይድ ሪዳይሬክት ለዚህ ግን ልክ ነው። ዌይላንድ ላይ ፖፕአፑን ያለ ግራብ (ግቤቱን ወደ ፖፕአፑ ሳትስቡ) ከከፈታችሁት ኪቦርዱ ዋናው መስኮት ጋር ይቀራል። በቀኝ ሲጫኑ ለሚመጣ ሜኑ ደግሞ ግራብ ያስፈልጋል፤ ሌላ ቦታ ሲጫን ሜኑው እንዲዘጋ።

## ላይብረሪዎቹ ምን ይሰጣሉ?

ኤስዲኤል 2 ጠርዝ አልባ ፍላግ አለው፤ ከ2.0.4 ወዲህ ደግሞ "ይህ ቦታ መጎተቻ ነው፣ ይህ መለጠጫ ነው" የምትሉበት ኮልባክ አለው። ላይት ኤክስ ኤል የመሰሉ ቀለል ያሉ ኤዲተሮች በዚህ መንገድ ነው ጠርዝ አልባ የሚሆኑት። ለፖፕአፕ ግን የረባ ነገር የለውም። ይህ የተሟላው በኤስዲኤል 3 ነው፤ የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም 3.2.0 በ2025 መጀመሪያ ወጣ። ፖፕአፕ ከወላጅ ጋር፣ ከወላጁ አንጻር ባለ ርቀት ይፈጠራል። ሁለት ዓይነት አለ፤ ቱልቲፕና ፖፕአፕ ሜኑ። ቱልቲፑ ምንም ግቤት አይቀበልም። ሜኑው ደግሞ የኪቦርድ ፎከስ ይወስዳል። አውቶኮምፕሊት በሁለቱ መካከል ነው የወደቀው። በማውስ መጫን ይፈለጋል፤ ጽሕፈቱ ግን ዋናው መስኮት ላይ መቀጠል አለበት። በማውስ መምረጥን ከተዋችሁት ቱልቲፑ ይበቃል። ካልሆነ ሜኑውን ይዛችሁ የኪቦርድ ክስተቶቹን ወደ ኤዲተሩ መልሳችሁ ትልካላችሁ።

ጂኤልኤፍደብሊው ፍሬሙን ማንሳት ይችላል፤ ከ3.3 ወዲህ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለም ጭምር። ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁ። ወላጅና ልጅ የሚባል ነገር አያውቅም። የሲስተሙን የመስኮት እጀታ ይሰጣችኋል፤ ቀሪውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ለጌም ታስቦ የተሠራ ነው፤ አይፈረድበትም። በረስት የሚጽፉ ዊንኢትን ያውቁታል። ፍሬም ያነሳል፤ መጎተቱን ለሲስተሙ ማስተላለፍም ይችላል።

ኪውት ላይ ሥራው ከሞላ ጎደል ተሠርቶ ነው የምታገኙት። ፍሬም አልባ፣ ቱልቲፕ፣ ፖፕአፕ የሚሉ ፍላጎች አሉት። ከ5.15 (2020) ጀምሮ መጎተቱንና መለጠጡን ለሲስተሙ የሚያስረክቡ ፈንክሽኖች አሉት፤ ዌይላንድ ላይም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የመስኮቱን ቦታ በማውሱ ልክ እየቀየራችሁ የምትጎትቱበት የድሮ ኮድ ካላችሁ አውጡት፤ ዌይላንድ ላይ አይሠራም፣ ዊንዶውስ ላይም ጠርዝ ላይ መለጠፉን ያጠፋል።

ጂቲኬ 4 የዌይላንድን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል። መስኮትን ወደ አንድ ነጥብ የሚወስደውን ፈንክሽን ጨርሶ አንስቶታል፤ ፖፖቨሩ ከመስኮቱ መውጣት የሚችል የራሱ ገጽ አለው። ዋናው ገበያችሁ ሊኑክስ ከሆነ ጥሩ ነው። ኤሌክትሮን ላይ ፍሬሙን ማንሳት አንድ ቃል ነው፤ የሚጎተተውን ቦታ በሲኤስኤስ ታመለክታላችሁ። ወላጅ ያለው መስኮትም ይፈቅዳል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቱልቲፕ አንድ የብራውዘር መስኮት መክፈት ከባድ ነው፤ እዚያ ላይ በገጹ ውስጥ መሳል ይሻላል።

## ማን የቱን ይምረጥ?

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነና ኤዲተሩ ትንሽ ከሆነ፣ የሲስተሙን ፍሬም ተዉት፤ ዝርዝሩን በመስኮቱ ውስጥ ሳሉት፤ ለግኖም ሊብዴኮርን ጨምሩ። ይህ ምርጫ ሐፍረት የለበትም።

ፕለጊን ያለው፣ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ኤዲተር ከሆነ፣ እውነተኛ ፖፕአፕ በመልህቅ ኤፒአይ ያዋጣል። ግን የሥዕሉን ወጪ አስሉ። እያንዳንዱ መስኮት የራሱ የመሳያ ገጽ ይፈልጋል። ኦፕንጂኤል ከሆነ የፊደል ቴክስቸሩ በመስኮቶቹ መካከል እንዲጋራ ኮንቴክስቶቹን አያይዙ፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ቱልቲፕ ፊደሎቹን እንደገና ይጭናል። ሁለቱም መስኮቶች በየተራ የስክሪኑን እድሳት የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ ጽሕፈቱ መዘግየት ይጀምራል። ፖፕአፑ እንዳይጠብቅ አድርጉ። መስኮቱን በየጊዜው መፍጠርና ማጥፋትም በዊንዶውስና በኤክስ11 ላይ ያብለጨልጫል፤ አንዱን ደብቆ ደጋግሞ መጠቀም ይሻላል።

ሁለቱንም ለመሥራት ከወሰናችሁ ከፖፕአፑ ጀምሩ። ኮዳችሁ ውስጥ "አንድ መስኮት ብቻ አለ" ብለው የሚያስቡ ቦታዎችን ሁሉ የሚያጋልጠው እሱ ነው፤ ዓለም አቀፍ ተለዋዋጭ የሆነ የመስኮት እጀታ፣ አንድ ብቻ የሆነ የስኬል ቁጥር፣ ክስተት የየትኛው መስኮት እንደሆነ የማይጠይቅ ሉፕ። ከዚያ አንዱን ስክሪን በ100 በመቶ፣ ሌላውን በ150 በመቶ ስኬል አድርጉ። መስኮቱን በሁለቱ መካከል አቁማችሁ፣ የመጨረሻው መስመር የቀኝ ጫፍ ላይ ሆናችሁ አውቶኮምፕሊትን ክፈቱ። ፊደሉ ካልደበዘዘ፣ ዝርዝሩ ወደ ላይ ከተገለበጠና ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ማለቱን ከቀጠለ፣ ወደ ታይትል ባሩ መሄድ ትችላላችሁ።